ስፔሊንግ በሕግ ወይስ በሽምደዳ?

ጠያቂዋ ወላጅ፣ ደብረ ብርሃን
ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 5ኛ ክፍል ናት። በየሳምንቱ 20 የእንግሊዝኛ ቃል ይሰጣታል፤ እያንዳንዱን 10 ጊዜ ትገለብጣለች። ዓርብ ዲክቴሽን አለ። ማታ ማታ እጇ እስኪዝል ትጽፋለች። ሰኞ ስጠይቃት ግማሹ ጠፍቶባታል። በወላጆች ስብሰባ ላይ «ለምን የአጻጻፉን ሕግ አታስተምሯቸውም?» ብዬ ጠየቅሁ። «እንግሊዝኛ ሕግ የለውም፣ መሸምደድ ነው» ተባልኩ። እውነት ነው? እስቲ ተከራከሩበት።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ሸዋ ሮቢት
ለእኔ ሁለቱም ጊዜ ማባከን ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፤ ቃል ጻፉ አይልም። ሌላ ጊዜ ደግሞ ስልኬ ያርመኛል። ያን ሰዓት ንባብ ላይ ባውለው ይሻለኛል።

የእንግሊዝኛ መምህር፣ ደብረ ሲና
ወንድሜ፣ ፈተናው ምርጫ መሆኑ ልክ ነው። ግን ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም በእንግሊዝኛ ነው። ማስታወሻ የምትይዘው በእጅህ ነው። ስልክህም ሁሉን አይዝልህም። እራት ለማለት ዲነርን በአንድ ኤን ብትጽፈው ዝም ሊልህ ይችላል። ዳይነር የሚባል ሌላ ትክክለኛ ቃል ነዋ!

እህቴ፣ ሕግ የለውም ያለሽ ሰው ተሳስቷል። ዊን ማለት ማሸነፍ ነው። መጨረሻው ላይ ኢ ስትጨመር ዋይን ይሆናል፣ ወይን። ኢ ራሷ አትነበብም። ከፊቷ ያለውን አናባቢ ግን በስሙ «አይ» ታሰኘዋለች።

የእኛ ልጆች አብዝተው የሚሳሳቱት ድርብ ፊደል ላይ ነው። ምክንያቱ አማርኛችን ውስጥ አለ። ገና ሲጠብቅ በዓሉ ነው፣ ሲላላ ደግሞ «ገና አልመጣም» የምንለው ነው። ጽሑፉ ግን ያው አንድ ነው። ስለዚህ ልጁ ማጥበቅን ከፊደል ጋር አያይዞ አያውቅም። ሁለት ቲ ሲያይ ወይ አጥብቆ ያነባል፣ ወይ አንዷን ይጥላል። እንግሊዝኛ ፊደሉን የሚደርበው ለማጥበቅ አይደለም። ከፊት ያለው አናባቢ ማጠሩን ለማሳየት ነው። ራይቲንግ ላይ «አይ» ስለሚባል ቲ አንድ ናት። ሪትን ላይ አናባቢው ስላጠረ ቲ ሁለት ሆነች። ይህ የገባው ልጅ ረኒንግ ለምን ሁለት ኤን እንዳለው ማንም ሳይነግረው ያውቃል።

የእንግሊዝኛ መምህርት፣ እነዋሪ
መምህር፣ እኔ ልቃወምዎት ነው። ጊቭ መጨረሻው ኢ ነው። ታዲያ ለምን ጋይቭ አንልም? ኦ፣ ዩ፣ ጂ፣ ኤች የሚባሉት አራት ፊደሎች ተከታትለው ሲመጡስ? «ስሩ» (በኩል ማለት ነው) ላይ ሌላ፣ «ኮፍ» (ሳል) ላይ ሌላ ድምፅ ነው ያላቸው። «አይ ከኢ ይቀድማል፣ ከሲ በኋላ ካልሆነ» የሚለውን ስንቶቻችን አስተምረናል! በእንግሊዝ አገር በ2009 (እ.ኤ.አ.) ለመምህራን የወጣው የመንግሥት መመሪያ ራሱ ይህን ሕግ ማስተማር አያዋጣም ብሏል። የሚጥሱት ቃላት በዝተዋልና።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። የእኔ ተማሪዎች ቃሉን ሰምተውት አያውቁም። አናባቢው ሲያጥር፣ አናባቢው ሲረዝም እንላለን። ድምፁ ጆሮው ውስጥ ለሌለ ልጅ ሕጉ ምን ላይ ይቆማል?

የደብረ ሲናው መምህር
ያ የአይና የኢ ሕግ ይቅር፣ አልከራከርም። ጊቭ ግን ምክንያት አለው። የእንግሊዝኛ ቃል በቪ መጨረስ አይወድም፤ ስለዚህ ኢ ትጨመራለች። ሀቭም እንደዚያው ነው። እነዚያ አራት ፊደሎች ያሉባቸው ቃላት ጥቂት ናቸው፤ እነሱ ይሸምደዱ። ካክስተን የሚባል እንግሊዛዊ የመጻሕፍት ማተሚያን እንግሊዝ ያስገባው በ1476 (እ.ኤ.አ.) ነው። አጻጻፉ እየጸና ሲሄድ አነጋገሩ መለወጡን አላቆመም። ናይፍ ላይ ያለችው ኬ ድሮ ትነበብ ነበር። እኛስ ንጉሥን በንጉሡ ሠ የምንጽፈው ዛሬ በድምፅ ከእሳቱ ሰ ተለይቶ ነው? ግዕዙን ጠብቀን ነው እንጂ።

የድምፁን ነገር ግን ተቀብያለሁ። እውነትዎን ነው።

አባት፣ አንኮበር
እኔ የቄስ ተማሪ ነበርኩ። ሀ ሁን በዜማ እንጨርሳለን። ከዚያ የኔታ አቡጊዳ ያስይዙናል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ያው ፊደል ነው፣ ተራው ግን ተበትኗል። በአፉ ብቻ የያዘው እዚያ ላይ ይጋለጣል። ፊደሉን የለየው ያልፋል። አባቶች ሽምደዳ ብቻውን እንደማይበቃ ያኔውኑ ያውቁ ነበር። 10 ጊዜ የገለበጠችውን ቃል ልጅቷ ሌላ ቃል ውስጥ ብታገኘው ትለየዋለች? ፈተናው ይሄ ይመስለኛል።

ጠያቂዋ ወላጅ
አባቴ፣ ትናንት ማታ ያሉትን ሞከርኩት። ዊንና ዋይንን አሳየኋት። ከዚያ ደብተሯ ላይ የሌለ ቃል ሰጠኋት፣ ካይት። ትንሽ አሰበችና መጨረሻው ላይ ኢ ጨመረች። አጠገቧ ቆሜ እንባዬ መጣ። በ20 ቃል ፋንታ 8 ቃልና አንድ ሕግ ይሁንልን ብዬ ለመምህሯ ጽፌያለሁ። መምህርት፣ የድምፁስ ነገር? እኔም ቃሉን አስተካክዬ አልጠራውም።

የእነዋሪዋ መምህርት
ያ ልጅ የጠቀሰው ስልክ እዚህ ላይ ይጠቅምሻል። መዝገበ ቃላት ላይ ቃሉ አጠገብ የድምፅ ማጉያ ምልክት አለች፣ ንኪያት። መጀመሪያ ደብተሩ ተዘግቶ ሦስቴ ትስማ። ከዚያ ትበል። እስክሪብቶ ከዚያ በኋላ ትያዝ።