ስሜንን ለእናቴ በስልክ እንዴት ላንሳላት?

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ? በጥቅምት ወደ ስሜን ተራሮች ልሄድ ነው። እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት አብራኝ መምጣት አትችልም፤ ግን ጭላዳ ዝንጀሮውንም ገደሉንም በደንብ እንድታይልኝ እፈልጋለሁ። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። በቴሌግራም የምልክላት ፎቶ ደግሞ ጥራቱ ወርዶ ነው የሚደርሳት። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ 1፦ ወንድሜ፣ ጊዜውን አሪፍ መርጠሃል። በጥቅምት ዝናቡ አልፎ ሳሩ ገና አረንጓዴ ነው፣ ሰማዩም ጥርት ይላል። እኩለ ቀን ላይ ባታነሳ ይሻላል፤ ጠዋትና አመሻሽ ላይ ግን ጥላው ስለሚያርፍበት የገደሉ ጥልቀት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሰው ወይም ጅብራ (ያ ረጅሙ የደጋ ተክል) ፎቶው ውስጥ ይግባ፣ አለበለዚያ ያ ሁሉ ከፍታ በስልክ ሜዳ ይመስላል። ጫፉን ግን አትጠጋ፣ በእናትህ!

መልስ 2፦ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላከው፣ ጥራቱ አይነካም። ፓርኩ ውስጥ ኔትወርክ አስተማማኝ ስላልሆነ ፓርኩ መግቢያ ላይ ወዳለችው ከተማ፣ ደባርቅ፣ ስትመለስ ብትልክ ይሻላል። ሌሊት ብርዱ ባትሪ ይጨርሳል፤ ስልክህን አጥፍተህ ብርድ ልብስህ ውስጥ ይዘኸው እደር። ፓወር ባንክም ያዝ።

መልስ 3፦ እኔ ዱባይ ነው የምኖረው። ወንድሜ ከስሜን ከላከልኝ ሁሉ ደጋግሜ የማየው ጭላዳዎቹ ሳር እየነጩ ሲንጫጩ የቀረጸውን አጭር ቪዲዮ ነው፣ ድምፃቸው አለበታ! ጭላዳ ሰው ብዙም አይሸሽም። ቁጭ ብለህ ጠብቃቸው፣ ምግብ ግን እንዳትሰጥ። የእረኞቹን ልጆች ስታነሳ አስፈቅድ። አንተም ተነሳ እንጂ፤ እናት ከተራራው በፊት የምታየው ልጇ በርዶት እንደሆነ ነው።