ለፕሮግራመሮች ቻናል ከፍቼ 11 ቪዲዮ ጫንኩ፣ 83 ሰብስክራይበር ላይ ቆሜያለሁ

ሴሚኮለን_የጠፋበት

ሰላም ለሁላችሁ። የዩቲዩብ ቻናል ከከፈትኩ ስድስት ወር ሆነኝ። "ፓይተን ከዜሮ" ብዬ በተከታታይ ጀመርኩና እስካሁን 11 ክፍል ጭኛለሁ። የመጀመሪያውን 900 ሰው አየው፣ ሁለተኛውን 210፣ ከስድስተኛው ወዲህ ያለው የውሃ ሽታ ሆነ። 11ኛው ላይ 14 እይታ ነው ያለው፣ ከ14ቱ አራቱ እኔው ራሴ ሳልሆን አልቀርም። አንዷን ቪዲዮ ቀርጬ ኢዲት አድርጌ እስክጨርስ ቅዳሜና እሁዴ ያልቃል። ሥራዬ ባክኤንድ (ከአፕ ጀርባ ሰርቨር ላይ የሚሠራው ኮድ) ስለሆነ በይዘቱ አልታማም ብዬ አስባለሁ። ካሜራ ልግዛ? ማይኩ ይሆን? ደግሞ ክፍያ የሚጀመረው አንዱ በ500 ነው ይላል፣ ሌላው በ1,000፣ ግራ ገባኝ።

ባግ_አሳዳጅ

ካሜራውን ተወው። ሰው የሚያየው ኮድህን እንጂ ፊትህን አይደለም።

ተከታታይ ትምህርት ጠባዩ ነው። ክፍል 7ን የሚከፍተው ክፍል 6ን የጨረሰ ብቻ ነው። አዲስ ሰው "ክፍል 7" የሚል ርዕስ ሲያይ ያልፈዋል፣ ስድስቱን ወደኋላ ተመልሶ የሚያይበት ጊዜ የለውማ። እኔም በዚሁ አንድ ዓመት አቃጥያለሁ። ነገሩ የተለወጠልኝ ሥራ ላይ ቀኑን ሙሉ ሲያሰቃየኝ የዋለ ኢረር ማታውኑ ቀርጬ የጫንኩ ጊዜ ነው። ዶከር (አፕን ኮንቴይነር በሚባል የተለየ ክፍል ውስጥ የሚያስኬድ መሣሪያ) ውስጥ ያለው አፕ ኮምፒውተሬ ላይ ያለውን ዳታቤዝ በሎካልሆስት ("ይሄው ማሽን ራሱ" በሚል አድራሻ) ይፈልገዋል፣ ያጣዋል። ለካ ኮንቴይነሩ ውስጥ ሎካልሆስት ማለት ራሱ ኮንቴይነሩ ነው! ይቺን ለማስረዳት ስድስት ደቂቃ በቃኝ። ርዕሷን ኢረሩ ተርሚናል ላይ እንደወጣ ቃል በቃል አደረግኩት፣ ምክንያቱም የተቸገረ ሰው ኢረሩን ኮፒ አድርጎ ነው ሰርች የሚያደርገው። ከሌሎቹ ሁሉ ዛሬም ሰው የሚመጣው በእሷ ነው።

ትምህርት እንደሚያረጅም አትርሳ። በክሬት ሪአክት አፕ (የሪአክት ፕሮጀክት ማስጀመሪያ) ሪአክትን (የድረ ገጽ መሥሪያ ላይብረሪ) የሚያስተምር ስንት ቪዲዮ ነበር፣ የሪአክት ቡድን በፌብሩዋሪ 2025 ለአዲስ ፕሮጀክት አትጠቀሙበት አለና አረጀ። የዳታቤዝ ኢንዴክስ (ፍለጋ የሚያፋጥነው ማውጫ) እንዴት እንደሚሠራ የሚያስረዳ ግን ቶሎ አይሞትም።

ደግሞ ዩቲዩብ ስቱዲዮ ገብተህ የሪቴንሽን ግራፉን (ስንት ሰው እስከ የት እንዳየ የሚያሳየውን) እየው። ሰው የት ላይ ጥሎህ እንደሚሄድ ካላወቅክ የምታስተካክለውን አታውቅም።

ማታ_ኮደሯ

ክፍያውን በሚመለከት ሁለቱም ልክ ናቸው። በ500 ሰብስክራይበር፣ በ90 ቀን ውስጥ 3 ቪዲዮ ጭነህ፣ በ12 ወር 3,000 የእይታ ሰዓት ወይም በ90 ቀን 3 ሚሊዮን የሾርትስ (የአጫጭሮቹ ቪዲዮዎች) እይታ ካለህ ትገባለህ፣ ግን የሚከፈትልህ ሜምበርሺፕና ሱፐር ታንክስ የመሳሰለው፣ ተመልካቹ ራሱ የሚከፍልህ ነው። የማስታወቂያ ገቢ የሚመጣው በ1,000 ሰብስክራይበርና በ4,000 ሰዓት ነው፣ ወይም በ10 ሚሊዮን የሾርትስ እይታ። ሾርትስ ፊድ ላይ የታየ ሰዓት 4,000ው ውስጥ አይገባም፣ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሸወዳል። ከረጅም ቪዲዮ ማስታወቂያ 55% ያንተ ነው፣ ከሾርትስ 45%። በ83 ሰብስክራይበር ግን ይህን እያሰብክ እንቅልፍ አትጣ።

11ኛውን ከፍቼ አየሁት (አሁን 15 ሆናችኋል)። በስልኬ ነው ያየሁት፣ ኮዱ ጉንዳን ነው የሚያክለው። ቪኤስ ኮድ (ኮድ መጻፊያው) ላይ ፎንቱን 22 ወይም 24 አድርገው። ሳይድባሩን በኮንትሮልና ቢ ዝጋው፣ ግማሽ ስክሪን በከንቱ ይዟል። ከመጫንህ በፊት ስልክህ ላይ ክፈትና እጅህን ዘርግተህ እየው፣ ካላነበብክ ማንም አያነብም። ማይኩ ራሱ ደህና ነው፣ ችግሩ ከአፍህ ይልቅ ለኪቦርዱ ቀርቧል። ስትጽፍ ቆርቆሮ ላይ በረዶ የሚወርድ ነው የሚመስለው።

ኪይ_ያፈሰሰው

ስሜ እንደሚነግራችሁ እኔ ሌላ ጉድ ነው የሠራሁት። ዶት ኤንቭ ፋይሌን (የሚስጥር ቁልፎች የሚቀመጡበትን) ለሁለት ሰከንድ ከፍቼ ዘጋሁት፣ ማን ያየዋል ብዬ። በማግስቱ አንድ ጨዋ ሰው ኮሜንት ላይ "ወንድሜ ኤፒአይ ኪይህ 7:41 ላይ ይታያል" ብሎ ጻፈልኝ። ሰው ፖዝ ያደርጋል! ስቱዲዮ ውስጥ ብለር ማድረጊያ አለ፣ ግን መጀመሪያ ኪይውን ቀይር፣ ብለሩ ይደርሳል። አሁን ለቀረጻ ብቻ የሚሆን የውሸት ዳታ ያለበት ፕሮጀክት ለይቼ አስቀምጫለሁ።

ሌላ፣ ዲስክሪፕሽን ውስጥ ኮድ ለመለጠፍ አትልፋ። ያነሰና የበለጠ የሚሉትን ምልክቶች አይቀበልም፣ እኔ ኤችቲኤምኤል ልለጥፍ ስል ለምን እምቢ እንዳለኝ እስኪገባኝ አንድ ሰዓት ፈጀብኝ። ጊትሃብ ላይ አድርግና ሊንኩን አስቀምጥ። ቻፕተር (ቪዲዮውን በሰዓት የሚከፋፍለው ዝርዝር) ግን አትተው። የመጀመሪያው 0:00 ይሁን፣ ቢያንስ ሦስት ይሁኑ፣ እያንዳንዱም ከ10 ሰከንድ አይነስ። የኛ ሰው መፍትሔዋን ብቻ አይቶ መውጣት ነው የሚፈልገው።

ሴሚኮለን_የጠፋበት

ግራፉን አየሁት፣ አፈርኩ። 0:38 ላይ ከገባው ሰው የቀረው 41% ነው። እዚያ ጋ ምን እያደረግኩ ነው ብዬ ከፈትኩት፣ ገና "ወደ ቪዲዮው ከመግባታችን በፊት ሰብስክራይብ" እያልኩ ነው። ፓይተን የሚለው ቃል ከአፌ የሚወጣው 1:12 ላይ ነው። ቲም ሊድ ሆኜ ይሄንን የሌላ ሰው ሥራ ብዬ ባየው በኮድ ሪቪው አላሳልፈውም ነበር።

ዛሬ ሥራ ላይ ሁለት ፋይል እርስ በርስ ኢምፖርት አድርጌ ሰርኩላር ኢምፖርት ሲያምሰኝ ዋለ። ማታ እሱን ነው የምቀርጸው፣ ፎንት 24፣ ማይኩን አስጠግቼ፣ በኢረሩ ልጀምር። ሰላምታውን ግን ጨርሶ ልተወው ወይስ አንድ "ሰላም" ትፈቀድልኛለች?

ማታ_ኮደሯ

አንዷ ትፈቀዳለች። ሎጎው እየተሽከረከረ የሚገባባትን ሙዚቃ ግን አጥፋልን።