አባቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ውሻችን ወፈረ፤ አባቴን ሳላስከፋ ምን ላድርግ?

የአላሙራ ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ውሻ ያላችሁ ሰዎች ብትመክሩኝ ብዬ ነው የጻፍኩት።

የምንኖረው ሐዋሳ ነው። ጃክ የሚባል ወንድ ውሻ አለን። ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከጀርመን ሼፐርድ የተዳቀለ ነው። ድሮ ቀጭንና ፈጣን ነበር። አሁን ወገብ የሚባል የለውም፤ ከላይ ሲያዩት ከትከሻው እስከ ዳሌው አንድ ነው። ሦስት ደረጃ ወጥቶ ያለከልካል። ማታ ሲፈታ ግቢውን ሲዞር ያድር የነበረው ውሻ አሁን በር ላይ ተዘርግቶ ይተኛል። ክሊኒክ ወስጄ ሳስመዝነው 40 ኪሎ ሆነ። ሐኪሙ ወደ 32 መውረድ አለበት አለኝ።

አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ሳምንቱን መንገድ ላይ ነበር የሚያሳልፈው። አሁን ቀኑን ሙሉ ግቢ ነው። ማንጎው ሥር ወንበሩን አውጥቶ ይቀመጣል፤ ጃክ እግሩ ሥር ይተኛል። ቁርስ ፍርፍር ሲበላ ያጎርሰዋል። ቡና ሲፈላ ዳቦ ይቆርስለታል። ምሳ ላይም እንደዚያው። ማታ ደግሞ እናቴ የጃክን ሳህን ሞልታ ትሰጠዋለች፤ ቀን የጎረሰውን ማንም አይቆጥርም። ታናሽ ወንድሜ ከልኳንዳ ሳንባና ጮማ ይዞለት ይመጣል።

አባቴን ስነግረው «እያየኝ እንዴት ብቻዬን እበላለሁ?» ይለኛል። ከልቡ ነው። ጓደኞቹ አሁንም መንገድ ላይ ናቸው፤ አብሮት የሚውለው ጃክ ብቻ ነው። ጉርሻውን ከልክዬ ውሎውን ባዶ ማድረግ አልፈልግም። ጃክ ታሞ ሲወድቅ ማየትም አልችልም። ምን ይሻለኛል?

ጋሽ ታቦር፦

ልጄ፣ አትጨነቂ። በእኛ ጊዜ ጎድኑ የሚቆጠር ውሻ ያለበት ቤት ይታማ ነበር። ውሻ የሚያጎርሰውን ሰው አይረሳም። አባትሽ ደግ ሰው ናቸው፤ ተያቸው። ማታ ማታ በደንብ ፍቱት፣ ይሩጥ፣ ራሱ ይቀንሳል።

ሐኪሟ፦

እህቴ፣ እዚሁ ሐዋሳ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። ጋሼ፣ ስለ ደግነቱ ያሉት ትክክል ነው። በሩጫው ግን አልስማማም። ውሻ በመፈታቱ ብቻ አይከሳም። 40 ኪሎ የሆነ ውሻ ቢፈቱትም ይተኛል፤ እሷም ያንኑ እየነገረችን ነው። ክብደቱ የሚወርደው በዋናነት ከሳህኑና ከጉርሻው ነው። እንቅስቃሴው ያግዛል እንጂ ብቻውን አይበቃም።

ጎድንን በተመለከተ፣ ጤነኛ ውሻ ጎድኑ በዓይን አይቆጠርም፤ በእጅ ግን ይገኛል። መዳፍሽን ደረቱ ጎን ላይ አድርጊ። ሳትጫኚ አጥንቱ ከተሰማሽ ጥሩ ነው። ለማግኘት መጫን ካስፈለገሽ ወፍሯል። እኛ ሐኪሞች ለውሻው አቋም ከ1 (በጣም ከሲታ) እስከ 9 (በጣም ወፍራም) ነጥብ እንሰጣለን፤ 4 እና 5 ጥሩው ነው።

ወፍራም ውሻ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ውሻው አይደለም። ቀን ቤት የሚውለው ማን ነው? የት ተቀምጦ ይበላል? የሚያበላው ስንት ሰው ነው? እላለሁ። ብዙ ጊዜ ውሻው ከመወፈሩ በፊት ቤቱ ውስጥ የተለወጠ ነገር አለ። አንዱ ጡረታ ወጥቷል፣ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሄዷል፣ ወይም ቤተሰቡ ኮንዶሚኒየም ገብቶ ግቢው ቀርቷል።

ይሄ የእኛ አገር ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2019 የወጣ የኮፐንሃገን ጥናት 268 ውሾችን አይቶ ነበር። ክብደታቸው ከሚገባው በላይ የሆነ ሰዎች ካሳደጓቸው ውሾች 35 በመቶው ወፍራም ነበሩ፤ ከሌሎቹ ባለቤቶች ውሾች ግን 14 በመቶው ናቸው። አንዱ ልዩነት ከመደበኛ ምግቡ ውጭ የሚሰጠው ነገር ላይ ነበር። ቀጠን ያሉት ባለቤቶች የሚሰጡት ለማሠልጠን ነው። ሌሎቹ አብረው ዘና ሲሉ ያካፍላሉ፤ ለምሳሌ ሶፋ ላይ ተቀምጠው የሚበሉትን ሳንድዊች የመጨረሻ ቁራሽ። አባትሽ ማንጎው ሥር የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። ማንንም ለመውቀስ አይደለም። ጉርሻው የፍቅር ስለሆነ በቁጣ እንደማይቆም እንድታውቂ ነው።

ስለዚህ ጉርሻውን አትከልክያቸው። የሚያጎርሱትን ቀይሪላቸው። የጃክን የቀን ምግብ ጠዋት አንድ ሰው ብቻ ይለካ፤ ሁልጊዜ በአንድ ጣሳ። ከዚያ ላይ ጥቂቱን ቀንሳችሁ ክዳን ባለው ዕቃ አባትሽ ወንበር አጠገብ አስቀምጡ። ጨው የሌለው የተቀቀለ ካሮት፣ ፎሶሊያ፣ ደቃቅ የሳንባ ቁራጭ ይሁን። እሳቸው ሲጎርሱ ጃክም ከራሱ ድርሻ ይጎርሳል። ዕቃው ባዶ ሲሆን የቀኑ አለቀ። ማታ የሚቀርበው ሳህን ያንኑ ያህል ይጎድላል። እናትሽ ይህን ካላወቁ ግን ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ነው፤ መጀመሪያ እሳቸውን አስረጂ።

ፍርፍሩ ከውፍረቱም የባሰ ያስፈራኛል። ቀይ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴሎች ይጎዳሉ። መቀቀሉም መጥበሱም መርዙን አያጠፋውም። የእኛ ወጥ ደግሞ ያለ ሽንኩርት አይሠራም። አባትሽ ጃክን ስለሚወዱት ይህን ስትነግሪያቸው ይሰሙሻል። «ወፍሯል» ከምትያቸው «ሽንኩርቱ ደሙን ይጎዳዋል» በያቸው።

የወንድምሽ ጮማ ይቅር። ሳንባው ብዙ ስብ ስለሌለው ጥሩ ነው፤ ግን በደንብ ይቀቀል። ውኃ የቋጠረ የትል ከረጢት ያለበት ሳንባ ወይም ጉበት በጥሬው ከተሰጠው ትሉ ወደ ውሻው ይገባል። እንቁላሉ በዓይነ ምድሩ ወጥቶ ወደ ሰውም ይተላለፋል።

በአንድ ጊዜ አታስርቡት። በሳምንት ከክብደቱ ከ1 እስከ 2 በመቶ ቢቀንስ በቂ ነው፤ ለጃክ ከ400 እስከ 800 ግራም መሆኑ ነው። ምግቡ ተቀንሶም ካልወረደ የደም ምርመራ ይደረግለት፤ የታይሮይድ ችግር ያለበት ውሻ አለ።

ከአዳማ፦

የእኔ ላብራዶር ናት። ሳህኗን ልሳ ጨርሳ ወዲያው ሌላ ትለምናለች። በ2016 የካምብሪጅ ተመራማሪዎች ከአራት ላብራዶሮች አንዱ ገደማ የጥጋብን መልእክት የሚያበላሽ የዘር ለውጥ እንዳለው ጽፈው ነበር። ያን ካነበብኩ ወዲህ ዓይኗን ሳይሆን ጣሳውን ነው የማምነው። ማምከንም የምግብ ፍላጎት ይጨምራል። ጃክ ተኮላሽቶ ከሆነ ምግቡ ከዚያ ጀምሮ መቀነስ ነበረበት። የአዳማ ሙቀት ላይ ወፍራም ውሻ ከባድ ነው፤ ጠዋት ብቻ ነው የማወጣት።

የአላሙራ ልጅ፦

ሐኪሟ፣ እግዜር ይስጥሽ። ሽንኩርቱን ስነግረው አባቴ ደነገጠ፤ ፍርፍሩን ዛሬ አላጎረሰውም። ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። አባቴ ስኳር አለበት፤ ሐኪሙ ተንቀሳቀስ ብሎታል፣ ብቻውን ግን አይወጣም። ከጃክ ጋር ሐይቁ ዳር ቢሄዱስ? ደግሞ በፆም ሥጋ የለም፣ በፋሲካ አጥንቱ ይትረፈረፋል። ያንንስ እንዴት ላድርግ?

ሐኪሟ፦

ይሂዱ እንጂ! ለሁለቱም በዝግታ ይጀምሩ፤ መጀመሪያ ጃክ ማለክለክ ሲጀምር ይመለሱ። ሐይቁ ዳር ካለው ፍቅር ሐይቅ መዝናኛ ወደ አሞራ ገደል አቅጣጫ መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ለጉልበት አይከብድም። በጨለማ ግን አይውጡ፤ ጉማሬ ለግጦሽ ወጥቶ ሊያገኛቸው ይችላል። ፀሐይ ሳትበረታ ይመለሱ። አሞራ ገደል ዓሣ የሚሸጥበት ጋ ሲደርሱ ማሰሪያውን አጥብቀው ይያዙ፤ አለበለዚያ አባ ኮዳ ከሚባሉት ትልልቅ ወፎች ጋር እየተሻማ የዓሣ ሆድ ዕቃ ይበላል።

በፆም ጃክ አይጹም። እንጀራና ዳቦ ብቻ ሲበላ ከርሞ ይወፍራል፤ የሚያስፈልገውን ፕሮቲን ግን አያገኝም። ሳንባው ወይም እንቁላሉ ለእሱ ይቀጥል። በፋሲካ ማግስት የሚያስመልሳቸው ውሾች ይበዙብኛል። ድንገተኛ ስብ ቆሽትን ያሳብጣል፤ የበሰለ አጥንት ደግሞ ተሰንጥቆ አንጀት ይወጋል። እንግዳው ሁሉ እንዲያጎርሰው ግቢ አትልቀቁት። የበዓሉንም ድርሻ በጣሳው ለክታችሁ አባትሽ ያጉርሱት። ከወር በኋላ እዚያው ሚዛን ላይ አውጪውና ስንት እንደሆነ ጻፊልን።