የኩኪ ታጣቂዎች መገንጠል ነው የሚፈልጉት ወይስ የራስ ግዛት?

የካርታ ወዳጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ህንዷ ማኒፑር ግዛት እያነበብኩ ግራ ገባኝ። በግዛቷ ተራሮች የሚኖሩት የኩኪ ሕዝብ ታጣቂ ቡድን፣ የኩኪ ብሔራዊ ጦር፣ ከመንግሥት ጋር ስምምነት አለው ይባላል። ትጥቁን ሳይፈታ እንዴት ይደራደራል? የሚፈልገውስ አገር ነው ወይስ ግዛት?

ታዛቢው፦
በአጭሩ ግዛት ነው። በ1988 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ሲመሠረት «ዛሌንጋም»፣ የነፃነት ምድር፣ ብሎ ነው የተነሳው፤ ህንድና ምያንማር ያሉትን ኩኪዎች አስቦ። አሁን ድርድሩ በህንድ ሕገ መንግሥት ውስጥ ነው።

ዴልሂ የተማርኩት፦
ዴልሂ ስማር ኩኪዎች ከሚበዙባት የማኒፑር ከተማ ከቹራቻንድፑር የመጡ ልጆች ጎረቤቶቼ ነበሩ። እነሱ ከተማቸውን ላምካ ነው የሚሏት። ስለዚህ ነገሩ ለእኔ ዜና ብቻ አይደለም።

ትጥቁን በተመለከተ፣ በ2008 የተፈረመው ስምምነት ተዋጊዎቹን በተወሰኑ ካምፖች አስቀመጣቸው። መሣሪያው በሁለት ቁልፍ ይቆለፋል። አንዱ ቁልፍ በቡድኑ እጅ ነው፣ ሌላው በጸጥታ ኃይሉ። ተዋጊው በየወሩ ድጎማ ያገኛል። ትጥቅ መፍታት የሚመጣው ከፖለቲካው መፍትሔ በኋላ ነው ይላሉ።

ግን ጥያቄውን የታጣቂ ብቻ አድርጋችሁ አትዩት። ግንቦት 2023 በግዛቱ ብዙኃን ከሆኑት ከሜይቴዎች ጋር ግጭቱ ከፈነዳ ወዲህ ከ250 በላይ ሰው አልቋል፣ 60,000 ያህል ተፈናቅሏል። ከላምካ እስከ ዋና ከተማዋ ኢምፋል አየር ማረፊያ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ግን በሜይቴዎች ሸለቆ ያልፋል። ስለዚህ ኩኪ በዚያ ማለፍ አልቻለም። በሽተኛውም ተማሪውም ተራራ ለተራራ እየዞረ እስከ ጎረቤት ግዛት ሚዞራም ዋና ከተማ አይዞል ድረስ ሄዶ ነው አውሮፕላን የሚሳፈረው። ግጭቱ በጀመረ በቀናት ውስጥ አሥር የኩኪ-ዞ (የኩኪና ተዛማጅ ሕዝቦች) የማኒፑር ምክር ቤት አባላት የተለየ አስተዳደር ጠየቁ። ሰባቱ የገዢው ፓርቲ ሰዎች ነበሩ! ጫካ ያለው ሲጠይቅ የኖረውን ወንበር ላይ ያለውም ጠየቀው ማለት ነው።

ታዛቢው፦
እህቴ፣ የሜይቴዎቹንም ስጋት አንርሳ። የሚኖሩት ሸለቆው ላይ ነው፤ እሱ ደግሞ ከግዛቱ መሬት አሥር በመቶ ያህል ነው። ተራራው ከተቆረጠ ምን ይቀረናል ይላሉ። የግዛቱ መንግሥትም ታጣቂዎቹ ሕዝብ ያነሳሳሉ ብሎ መጋቢት 2023 ላይ ከስምምነቱ ወጥቶ ነበር።

ዴልሂ የተማርኩት፦
ልክ ነህ፣ ስጋታቸው ተራ ነገር አይደለም። ሌላው የተራራ ሕዝብ፣ ናጋዎችም አሉ። ከዚያው ተራራ ብዙውን የእኛ ነው ይላሉ፤ በ1993 በዚህ የተነሳ የኩኪ መንደሮች ተቃጥለዋል። ለእኔ ከጠመንጃው በላይ የሚያስቸግረው ይህ የድንበር ጉዳይ ነው። መስከረም 2025 ላይ ስምምነቱ ሲታደስ፣ መሣሪያው በአቅራቢያ ወዳሉ የፌዴራል ኃይሎች ካምፕ እንዲዛወር ተስማምተዋል። የማኒፑር ግዛታዊ አንድነት የሚልም ተጽፎበታል። በዚያው ወረቀት ላይ የፈረሙት መሪዎች ግን የራሱ ምክር ቤት ያለው የተለየ አስተዳደር መጠየቃቸውን አላቆሙም።