ለወር አበባ ሕመም አዩርቬዳ (የሕንድ ባህላዊ ሕክምና) የሞከራችሁ አላችሁ?

የፑኔዋ
እህቶች፣ ሕንድ፣ ፑኔ ከተማ ትምህርት ላይ ነኝ። የወር አበባዬ ሲመጣ የመጀመሪያው ቀን አልጋ ላይ ይጥለኛል። ዶርም የምንጋራው ሕንዳዊት ጓደኛዬ አዩርቬዳ ሐኪም ጋ ወሰደችኝ። ሴትዮዋ ምላሴን አየች፣ የእጄን ደም ሥር በሦስት ጣት ያዘች፣ «ቫታሽ ተዛብቷል» አለችኝ። ሻታቫሪ የሚሉት የሥር ዱቄት በሞቀ ወተት አዘዘችልኝ። እኔ ደግሞ ጾም ላይ ነኝ! ቫታው ምንድነው?

ቅመም ወዳጅ
በእነሱ አባባል ቫታ የእንቅስቃሴ ኃይል ነው። ከእምብርት በታች ያለው «አፓና ቫታ» ይባላል፤ ደሙን ወደ ታች የሚገፋው እሱ ነው። መንገዱ ሲዘጋ ሕመም ይመጣል ይላሉ። ለዚህ ነው ሙቀት፣ እረፍትና ቅባት የሚያዙት። የወር አበባሽ ከመምጣቱ በፊት ባሉት ቀናት ሆድሽን በሞቀ የሰሊጥ ዘይት እሺው። ቀዝቃዛና ደረቅ ምግብ ቀንሺ፤ ቆሎሽንም! ወተቱን በሙቅ ውሃ መተካት ይቻል እንደሆን ጠይቂያት።

ፋርማሲስቷ
ዘይቱስ ይሁን። «ባስማ» የሚባለውን የብረታ ብረት አመድ ግን እንዳትነኪ፤ ሜርኩሪና እርሳስ ያለበት አለ። አሾካሪሽታ የሚሉት ሽሮፕም እንደ ጠጅ ተብላልቶ ነው የሚሠራው፣ አልኮል አለው። ደግሞ አልጋ ላይ የሚጥል ሕመም ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት በሽታ) ሊሆን ይችላል። የማህፀን ሐኪም ይይሽ። አልትራሳውንድ ላይ ምንም ባይታይም ሕመሙ ከቀጠለ ዝም አትበያቸው።