ፎሊክ አሲድን ከእርግዝና በፊት እንዴት ላስጀምራቸው? ምከሩኝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን። የእርግዝና ክትትል ክፍል የምሠራ አዋላጅ ነርስ ነኝ። ልምድ ያላችሁ እባካችሁ እርዱኝ።

ብዙዎቹ እናቶች ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጡት ሦስት አራት ወር ካለፋቸው በኋላ ነው። ፎሊክ አሲዱን (የቫይታሚን ቢ ዓይነት ነው) ስሰጣቸው በደስታ ይወስዳሉ። ግን ፎሊክ አሲዱ ከችግር የሚጠብቀው የፅንሱ የነርቭ ቱቦ (ኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው ክፍል) የሚዘጋው በተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው። ያኔ እኮ ብዙዋ ሴት ማርገዟን እንኳ አታውቅም! በቀን 400 ማይክሮግራም፣ ቢያንስ ከእርግዝናው አንድ ወር ቀድሞ ተጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት ይወሰድ የሚባለውም ለዚህ ነው።

ልጅ ያሰቡትን ሳገኝ ደግሞ «ሳላረግዝ ለምን መድኃኒት እውጣለሁ?» ይሉኛል። አትክልት እበላለሁ፣ ይበቃኛል የሚሉም አሉ። አትክልቱ ጥሩ ነው፤ ግን የእንክብሉን ቦታ አይተካም።

ከሁሉ የሚከብደኝ ዘግይታ የመጣችው ናት። «ታዲያ ልጄን ጎድቼዋለሁ?» ትለኛለች። ሳይወስዱም አብዛኞቹ ጤነኛ ልጅ እንደሚወልዱ፣ አሁን መውሰዷም ለደም ማነስ እንደሚጠቅማት እነግራታለሁ። ጭንቀቷ ግን ቶሎ አይለቃትም። እናንተ ምን ትሏታላችሁ?

ከዚህ በፊት የነርቭ ቱቦ ችግር ያለበት ልጅ የወለደችዋን ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የምትወስደዋን በቀጥታ ወደ ሐኪም እልካለሁ፤ መጠኑ ከፍ ሊል ስለሚችል።

የቀሩትንስ ሳያረግዙ የት አገኛችኋቸው? የወሊድ መቆጣጠሪያ ሊያቆሙ ሲመጡ መንገር ሠርቶላችኋል? ባሎቻቸውን ማስረዳትስ?