ክራሩን በ3,500 ነው የገዛሁት ብያት ነበር፤ አሁን ሁለት ታዘዝኩ

ጥያቄ፦ መምህሩ፣ ደሴ
ሰላም ለዚህ ቤት። ጉዳዩ ለሰው ያስቃል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። በሥራ ቀን አስተምራለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ሰርግ ላይ ክራር እመታለሁ። ጾም ሊገባ ሲል ኤሌክትሪክ ክራር አሠራሁ፤ በ14,500 ብር። ባለቤቴ ስንት ነው ስትለኝ አፌ ላይ የመጣው 3,500 ነበር። ከቤት የወሰድኩት ያንኑ ያህል ስለሆነ ሒሳቡ ገጠመላት። 6 ሺው በጥር ሰርጎች ያጠራቀምኩት ነው። 5 ሺው ከጓደኛዬ ብድር።

እሷ ደግሞ «እንዲህ ያለ ዕቃ በዚህ ዋጋ!» ብላ ወልድያ ላለው ወንድሟ ነገረችው። እሱም ለሁለት ልጆቹ እንደዚያው አሠራልኝ ብሎ 7 ሺህ ብር በቴሌብር ላከ። ለፋሲካ መጥተው ይወስዳሉ። ጾም ነው፣ ሰርግ የለም፣ እጄ ላይ ሰባራ ሳንቲም የለም። ዋጋ ጨመረ ልበላት?

መልስ፦ ባለ ኪቦርዱ፣ ኮምቦልቻ
እንዳትሞክራት! በአንድ ወር አራት እጥፍ የጨመረ ዕቃ ታይቶ አይታወቅም።

እኔ ያገለገለ ያማሃ ኪቦርድ ገዝቼ ለሚስቴ ግማሹን ዋጋ ብቻ ነገርኳት። የቀረውን በየወሩ ለሻጩ እልካለሁ። ስልኬ ቻርጅ ላይ እያለ የባንኩን መልእክት አየችው። ወደ ኋላ ብትፈልግ በየወሩ ያው ብር፣ ለአንድ ሰው። ስሙ ደግሞ የሴት! አካውንቱ የሻጩ ሚስት ነበር። ሽማግሌ ተጠራ። እኔም ጨንቆኝ ኪቦርዱን ተሸክሜ መሐል አስቀመጥኩት። አንዱ አባት አተኩረው አዩትና «ውሽማው ይቺ ናት?» ሲሉ ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷ ግን አልሳቀችም። «እኔ የልጁን ጫማ ለከርሞ ስል አንተ ይህን ትከፍል ነበር?» አለችኝ። ይኸው ሦስት ዓመት፣ ጫማ በተገዛ ቁጥር እሰማታለሁ።

መልስ፦ እጀ ቀና
ተሰረቀብኝ በላት፣ ይለቅልሃል።

መልስ፦ የልጆች እናት፣ ሐይቅ
ከዚያ በየትኛው ክራር ሰርግ ሊሄድ ነው?

መልስ፦ ክራር ሠሪው
አብሽር ወንድሜ። ሙያዬ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርህ። ያንተን ክራር ያስወደደው ፒካፑ (የክሩን ድምፅ ይዞ ወደ ስፒከር የሚልከው ዕቃ)፣ የጊታር ዓይነቱ መቃኛና የእንጨት ሥራው ነው። ለጀማሪ ልጅ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። የዋንዛ ገበቴ፣ በደንብ የተወጠረ ቆዳ፣ የእንጨት መቃኛና ስድስት የናይለን ክር ይበቃዋል። በዚህም ትዝታው፣ ባቲው፣ አምባሰሉ፣ አንቺሆዬው ሁሉም ይወጣል። ዋጋውም ካንተው በብዙ ያንሳል።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። መቃኛው የሚንሸራተት እንዳይሆን። እኛ አገር ጭጋግ ሲወርድ ቆዳው ይረግባል፣ ቅኝቱም አብሮ ይወርዳል። መቃኛው ካልያዘ ልጁ ሲቃኝ ውሎ ሳይጫወት ይመሻል፤ ብዙው ልጅ ክራር የሚተወው በዚህ ነው። ደግሞ «ያው እንደኔው ነው» ብለህ እንዳትሰጣቸው። ገመድ መሰኪያ የሌለው ክራር ስፒከር ላይ አይሰካም። ልጆቹ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቁሃል።

መልስ፦ የልጆች እናት፣ ሐይቅ
የሙዚቀኛ ሚስት ነኝ። ክራሩስ ደግ ነው፤ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይታያል። እኔን ቢሆን የሚያናድደኝ የማላየው 5 ሺህ ነው። ጓደኛህ ቸግሮት በር ቢያንኳኳ ማን ይከፍትለታል? እሷ። የሰርጌ 6 ሺህ የራሴ ነው እንዳትልም፤ በሕጉ በትዳር ውስጥ በሥራ የተገኘ ገቢ የሁለታችሁ ነው።

እኛ ቤት ከየሰርጉ ከሚገባው፣ ሽልማቱም ተቆጥሮ፣ አራተኛው እጅ የዕቃው ነው። ክር፣ ኬብል፣ ጥገና ከዚያ ይወጣል፤ እኔ አልጠይቅበትም። ሦስቱ እጅ ቤት ይገባል። አሁን ዋጋውን ራሱ ነው የሚነግረኝ፤ አንዳንዴ ሳይሰለቸው እኔ ይሰለቸኛል። ንገራት ወንድሜ። ግን ቡና ላይ፣ ጎረቤት ባለበት አይሁን።

መልስ፦ የአምባሰል ልጅ
እስክትነግራት ያቺን 7 ሺህ እንዳትነካት።

መምህሩ፣ ከሳምንት በኋላ
ነገርኳት። ልጆቹ ከተኙ በኋላ። 14,500 ስላት ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ «ብድሩ የማን ነው?» ብቻ አለች። ስሙን ስነግራት ዝም አለች። ለካ የጓደኛዬ ሚስት ሰኞ ገበያ ሁለት ጊዜ አግኝታት ፊቷን አዙራባት ኖሯል። ምን አስቀየምኳት እያለች ስትጨነቅ ከርማለች። ይህንን ከነገረችኝ በኋላ ሁለት ቀን አላናገረችኝም።

በሦስተኛው ቀን ወንድሟ ጋ ደወለችና ስልኩን እጄ ላይ አስቀመጠችው። «አንተው ንገረው።» እንዴት እንደተናገርኩ አላውቅም። እሱ ከት ብሎ ሳቀ፤ እኔን ላብ አጠመቀኝ። ያለ ፒካፕ የሚሠራው ይሁን ብሏል። ሁለቱ 7,400 ሆኑ፤ 400ውን እኔ ጨመርኩ፣ ለእሷ ነግሬ። ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ሁለት ሰርግ ተይዞልኛል፤ ክፍያው በእሷ ቁጥር ይገባል፣ መጀመሪያ ብድሩ ይከፈላል። ሐይቅ ያለሽው እህቴ፣ አራተኛውን እጅ አንስቼላት ነበር፤ ብድሩ ሲያልቅ እንነጋገራለን አለችኝ።

ለክራር ሠሪው አንድ ጥያቄ ቀርታኛለች። ትንሹ ልጅ 9 ዓመቱ ነው። ቁመቱ ስንት ይሁን?

መልስ፦ ክራር ሠሪው
በዕድሜ አይለካም። ተቀምጦ ሲይዘው ግራ እጁ ከኋላ ገብቶ ስድስቱንም ክር መንካት አለበት። ከክርኑ እስከ ጣቱ ጫፍ በክር ለክተው ይላኩልህ።